ዋቱን ተዉት፣ አፉን እዩት፦ አንድ ቫኪዩም በደሴ የጣውላ ወለል ላይ

ማሽኑ ገመድ ያለው፣ በጎማው እየተንከባለለ የሚከተል፣ የሰበሰበውን በከረጢት የሚይዝ ተራ ቫኪዩም ነው። ባትሪ የለውም፤ ከስልክም ጋር አይገናኝም። ውሻ ቤት ውስጥ ለሚያሳድር፣ ወለሉም ጣውላ ለሆነ ሰው ግን ከሞከርኳቸው ሁሉ የምመርጠው እሱን ነው። ስሙን አልጽፍም። አንዱ ዓይነት ማሽን በየሱቁ የተለያየ ስም ተለጥፎበት ስለሚሸጥ ስሙ ብዙ አይጠቅማችሁም፤ የሚጠቅማችሁ ምን ምን እንደተገጠመለት ማወቅ ነው። ዋጋውንም ትቼዋለሁ፤ ዛሬ የጻፍኩት ለነገ አይሆንም። ደህና የስፌት ማሽን የሚገዛ ሰው የሚያወጣውን ያህል አወጣሁ ብል ይበቃል።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቴ ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ዝቅ ብለው ከሚገኙት አሮጌ ቤቶች አንዱ ሲሆን፣ ሳሎኑ የእንግዳም የሥራም ክፍሌ ነው። ወለሉ ረጃጅም የባሕር ዛፍ ጣውላ ተደርድሮ በሚስማር የተመታበት ነው፤ ከሥሩ ባዶ ነው። ወላጆቼ በቀይ ሰም ሲወለውሉት ስለኖሩ ቀለሙ ጠቁሮ የበሰለ ቀይ ሆኗል። ውሻዬ ደግሞ ነጣ ያለ ግራጫ ነው፤ ዳልቻ ያልኩትም በመልኩ ነው። ከጀርመን ሼፐርድ የተዳቀለ፣ ድሮ ግቢ ሲጠብቅ የኖረ ሽማግሌ ነው። የኋላ እግሮቹ ሲደክሙና የደሴ የክረምት ብርድ ሲከብደው ወደ ውስጥ አስገባሁት። ሰፈሩ ምን እንዳለ መጻፍ አያስፈልግም። በአገራችን ውሻ የሚታወቀው በር ላይ እንጂ ምንጣፍ ላይ አይደለም፤ እኔም ይህን ልማድ ልለውጥ አልተነሳሁም። ያስገባሁት እሱን እንጂ ውሻን ሁሉ አይደለም።

ፀጉሩ ለሌላ ሰው የጽዳት ጉዳይ ይሆናል፤ ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የምሰፋው አብዛኛው ጥቁር ነው፤ አባያ፣ ጅልባብ፣ የሐዘን ልብስ፣ የወንድ ሱሪ። ጥቁር ጨርቅ ላይ ያረፈች አንዲት ነጭ ፀጉር ከመንገድ ማዶ ትታያለች። ፖሊስተር ደግሞ ከጥጥ የባሰ ነው። በደረቁ ወራት ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ሲጎተት በመፈተጉ ብቻ ኤሌክትሪክ ያጠራቅምና አየር ላይ የሚንሳፈፈውን ፀጉር ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል። ሱፍም ቢሆን ይይዛል፤ ግን በእርጥብ እጅ ሲጠረግ ይለቃል። ፖሊስተር አይለቅም፤ በፕላስተር እየነካኩ አንድ በአንድ መልቀም ነው።

ሌላም ነገር አለ። ደንበኞቼ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። አንዲት ጎረቤቴ አባያዋን ልትወስድ መጥታ ጫፉ ላይ ፀጉር አገኘች። አልተቆጣችም፤ «እትዬ፣ ይህ እኮ የምሰግድበት ልብስ ነው» ብቻ አለችኝ። እሷ የምትከተለው የሻፊዒን መዝሀብ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ አረዳድ ነው፤ በዚያ መሠረት የውሻ ፀጉር እንደ ምራቁ ሁሉ ነጃሳ (ርኩስ) ነው። በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ ፀጉሩ ንጹሕ ነው፤ ጣጣው ምራቁ ነው። ወሎ ውስጥ ሁለቱም ስላሉ አንዷ አራግፋ የምትለብሰውን ሌላዋ ሳታጥበው አትሰግድበትም። እኔ ደግሞ ልኬት ስወስድ መዝሀብ አልጠይቅም። ስለዚህ መለኪያዬ ጥብቅ ነው፤ ወለሉ ሲታይ ንጹሕ መምሰሉ አይበቃኝም። በስፌት ማሽኑ መርገጫ ሥር፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ከሁሉም በላይ በጣውላው ስንጥቅ ውስጥ ፀጉር መኖር የለበትም። ከዚህ በታች የምለውን ሁሉ በዚህ መለኪያ አንብቡት።

እንደ ዳልቻ ያለ ውሻ ድርብ ፀጉር አለው። የላዩ ረዘም ያለና ጠንካራ ነው፤ የሥሩ እንደ ብዝት የለሰለሰ ነው፤ ቤት የሚሞላውም ይኸው የሥሩ ነው። በውጭ አገር የሚጻፉ ምክሮች ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ በብዛት ይረግፋል ይላሉ። የዚያ ምክንያቱ በእነሱ ዘንድ የቀኑ ርዝመት ከወቅት ወቅት በእጅጉ ስለሚለያይ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11ኛው ዲግሪ ላይ ስላለች ረጅሙና አጭሩ ቀኗ የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ማታ በአምፖል ብርሃን፣ በሞቀ ክፍል የሚኖር ውሻ ደግሞ ወቅቱን ከየት ያውቀዋል? ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል። ይህ ወር ይለፍ ብሎ መታገሥ እዚህ አይሠራም።

ወቅቱ የሚታወቀው በውሻው ሳይሆን በጣውላው ነው። ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ስንጥቁ ይጠባል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ ይኮማተርና ሳንቲም በጠርዙ የሚያስገባ ክፍተት ይከፍታል። ፀጉሩ፣ የክሩ ቁርጥራጭ፣ የሰሙ ብናኝ፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። የበልግ ዝናብ ሲመጣ እንጨቱ መልሶ ያብጥና በውስጡ ያለውን ይጋግረዋል። ስለዚህ ስንጥቁን ማጽጃው ጊዜ በጋ ነው፤ ከበልግ በፊት ያላወጣችሁትን ከበልግ በኋላ በሹል ነገር ካልቆፈራችሁ አታገኙትም።

የለመድነው የሣር መጥረጊያ ለጨርቅ ቁርጥራጭና ለከባድ ቆሻሻ መልካም ነው። ፀጉርን ግን ያስነሳዋል እንጂ አይሰበስበውም፤ እናንተ ወደ በሩ ስትጠርጉ እሱ ወደ ጓዳ ይሄዳል፤ ዘወር ስትሉ ተመልሶ ያርፋል። ውሃ ረጭቶ መጥረግ የአፈር ወለል ብልሃት ነው፤ ለጣውላ አይሆንም። ውሃው በስንጥቁ ይወርዳል፤ ውሎ አድሮም ጣውላውን ያጎብጠዋል። በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን እጠቀማለሁ፤ ግን በመጨረሻ፣ ፀጉሩ ከተነሳ በኋላ ነው። ቀድሞ ከሆነ ፀጉሩ እየተንከባለለ ገመድ ይሆንና ጥግ ለጥግ ይለጠፋል።

ሰሙም የራሱ ጣጣ አለው። ወፈር ብሎ ከተቀባና በብሩሽ በደንብ ካልተፈተገ ገጹ እንደተጣበቀ ይቀራል፤ ፀጉር ያረፈበት ቦታ ላይ ይቀራል፤ የትኛውም ማሽን አይነቅለውም። ስስ አድርጌ እቀባለሁ፤ አሳድሬ እፈትገዋለሁ፤ ከዚያ በሱፍ ጨርቅ እስኪያበራ እወለውለዋለሁ። ታዲያ ሲያበራ ደግሞ ለሽማግሌ ውሻ ያዳልጣል፤ ከመኝታው እስከ በሩ ድረስ መተላለፊያ ምንጣፍ አነጠፍኩለት። ቤት ውስጥ አንዱን ችግር ስትፈቱ ሌላው ይከተላል።

የጎማ ጥርስ ያለውን መጥረጊያ ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ከማሽኑ ቀጥሎ የምወደው እሱን ነው። ጎማው ሲፈትግ ፀጉሩን እየሳበ ያንከባልለዋል፤ ለምንጣፍ ደግሞ ከየትኛውም ማሽን ይሻላል። ርካሽ ነው፤ መብራትም አይፈልግም። ስንጥቅ ውስጥ ግን አይገባም፤ የእኔ ጉዳይ ደግሞ ስንጥቁ ነው።

ቫኪዩሙን ልገዛ ስሄድ አንድ ፌስታል ይዤ ነበር። ሻጩ ወጣት ነው፤ ወዲያው ስለ ዋት ጀመረ። «ይህ 2,000 ዋት ነው እናቴ፤ ድንጋይ ይስባል» አለኝ። ድንጋይ የለኝም አልኩት። ፌስታሉን ፈትቼ የዳልቻን ፀጉር፣ የክር ቁርጥራጭና እፍኝ የማትሞላ ዱቄት ሴራሚክ ወለላቸው ላይ በተንኩ፤ ሴራሚኩ በሚጋጠምበት ጎድጓዳ መስመር ውስጥም በጣቴ ጠቀጠቅሁት። ልጁ ደነገጠ። ሬዲዮ ሊያሠራ የመጣ ሰውዬ ጉዳዩን ትቶ ያየን ጀመር። የ2,000 ዋቱ ማሽን አፉ ሰፊ፣ ሥሩም ደረቅ ፕላስቲክ ነበር። ወለሉን ሲነካ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ አለ፤ ትንሽ ሲነሳ ደግሞ ፀጉሩን በፊቱ እየገፋ አባረረው። በመስመሩ ውስጥ ያለውን አልነካውም። ቀጥሎ ያመጣልኝ፣ ሳጥኑ ላይ 1,600 ዋት የተጻፈበት፣ አፉ ዙሪያውን ለስላሳ ብሩሽ የተተከለበት፣ በሁለት ጎኑም አየር የሚያስገባ ክፍተት ያለው ነበር። መስመሩን ባዶ አደረገው። ሰውዬው «እሱን ነው እንጂ!» አለ። እሱን ገዛሁ።

ዋት ማሽኑ የሚበላው ኤሌክትሪክ እንጂ የሚስበው አቧራ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ የሚቀርብ ቫኪዩም ከ1,600 ዋት በታች፣ በ2017 ደግሞ ከ900 ዋት በታች እንዲሆን ደንግጓል። ቤታቸው በአቧራ አልተሞላም፤ ፋብሪካዎቹ አፉንና የአየሩን መንገድ ማሻሻል ግድ ሆነባቸው እንጂ። እኛ ዘንድ ግን ቁጥሩ አሁንም በትልቁ ሳጥኑ ላይ ይጻፋል፤ ሻጩም መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው።

ደሴ ላይ ሌላ ነገርም ይጨመራል። ይህንን የነገረኝ ኮምቦልቻ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚማረው የወንድሜ ልጅ ነው። ማሽኑ ይስባል እንላለን እንጂ ሥራውን የሚሠራው የውጭው አየር ነው፤ ማራገቢያው ውስጡን ያሳሳዋል፣ የውጭው አየር ወደዚያ ሲሮጥ ቆሻሻውን ይዞ ይገባል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ስለዚህ ያው ማሽን ጅቡቲ ወደብ ላይ የነበረው ጉልበት እዚህ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ ሲደርስ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሞተሩም የሚቀዘቅዘው በዚሁ ስስ አየር ስለሆነ ቶሎ ይግላል። ታዲያ ጉልበት በሚጎድልበት ከተማ ቁም ነገሩ አፉ ነው። አየሩን በጠባብ ቦታ ሰብስቦ የሚያሮጥ፣ ወለሉን ሳይቧጥጥ ጠጋ የሚል አፍ ያስፈልጋል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣውን ጠፍጣፋና ቀጭን ቱቦ እኔ ምላሱ እለዋለሁ፤ ስንጥቁን የሚያጸዳው እሱ ነው። በጣውላው ርዝመት፣ ከብርሃኑ ትይዩ ተንበርክኬ ቀስ ብዬ እነዳዋለሁ። ቸኩሎ መንዳት ከንቱ ነው፤ የተጋገረው ፀጉር ለመላቀቅ ጊዜ ይፈልጋል። አልላቀቅ ሲል በመተርተሪያዬ ጫፍ ነካ አደርገዋለሁ፤ ሙሉ ድብልቁ እንደ አንድ ክር ተመዝዞ ይወጣል። ይህንን ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ለልብስ ሰፊ ብቻ ነው የምነግረው።

ከማሽኑ በፊት ግን ማግኔት ይቀድማል። ልብስ የሚሰፋበት ቤት ወለሉ ላይ ስፒልና የተሰበረ መርፌ አይጠፋም፤ ማሽኑ ውስጥ ከገባ ከረጢቱን ይበሳል፤ የውሻው መዳፍ ካገኘውም የባሰ ነው።

ስንጥቁ የፀጉር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልደክምም ነበር። ቁንጫ እንቁላሏን የምትጥለው ውሻው ላይ ሆና ነው፤ በቀን እስከ 40 እና 50 ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ ግን ፀጉሩ ላይ አይጣበቅም፤ ውሻው በተኛበትና በተራገፈበት ይረግፋል። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ብርሃን ይሸሻል፤ የጣውላ ስንጥቅ ለእሱ የተሠራ ማረፊያ ነው። የሚመገበው ትልልቆቹ ቁንጫዎች የሚጥሉትን የደረቀ ደም ያለበት ኩስ ሲሆን፣ ይህም ከፀጉሩ ጋር አብሮ ስንጥቁ ውስጥ ይወርድለታል። ከዚያ ድር ጠምጥሞ ይተኛል፤ እዚያ ሽፋን ውስጥ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ መድኃኒትም በቀላሉ አይደርስበትም። የሚያስነሳው ሙቀትና ንዝረት ነው፤ ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት ቁንጫው በአንድ ጊዜ እግራችን ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው። ማሽኑም ሲያልፍባቸው ይቀሰቅሳቸዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰሞን ቁንጫው የበዛ ቢመስላችሁ አትደንግጡ፤ ደጋግሙት፤ ከረጢቱንም በዚያው ቀን ከቤት አውጡት። ውሻው ራሱ የእንስሳት ሐኪም የሚያዘውን የቁንጫ መድኃኒት ካላገኘ ግን የማሽኑ ድካም ውሃ ወቀጣ ነው። አንዳንድ ሰው ነጭ ጋዝ ወለሉ ላይ ይቀባል። ከሰል በሚነድበት፣ ቡና በሚፈላበት ቤት ይህን የሚያደርግ ሰው ቁንጫውን ሳይሆን ቤቱን ሊያጣ ይችላል።

ስለ ከረጢቱ ደግሞ። ብዙዎቹ ዘመናዊ ማሽኖች ከረጢት የላቸውም፤ በሚታይ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ውስጥ ይሰበስባሉ፤ ሲሞላ ይደፋል። ሲደፋ ግን ደቃቁ ፊታችሁ ላይ ይመለሳል። ሳል ለሚነሳባት እህቴ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አለርጂ የሚያመጣው ፀጉሩ ራሱ ሳይሆን በውሻው ምራቅና ከቆዳው በሚረግፈው ቅርፊት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ያ ደግሞ ከፀጉሩ በጣም የደቀቀ ነው። ከረጢት ከሆነ አፉን አጥፎ መጣል ነው። የማሽኑ ማጣሪያ ላይ «ሄፓ» የሚል ተጽፎበታል። እውነተኛው የሄፓ ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሚያክለውን ብናኝ 99.97 በመቶ ያስቀራል፤ ነገር ግን አየሩ በማሽኑ መገጣጠሚያ የሚያፈተልክ ከሆነ ማጣሪያው ምንም ቢሆን አይጠቅምም። የእኔ ማሽን ሲሠራ በክዳኑ ዙሪያ እጄን ሳስጠጋ በአንድ በኩል ነፋስ ይሰማኛል። ስለዚህ ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም፤ እህቴ ስትመጣም ማሽኑን የማስነሳው ከመድረሷ ብዙ ቀደም ብዬ ነው።

የፋብሪካው ከረጢት ሲያልቅ ደሴ ውስጥ አላገኘሁም። አቡጀዲ ያስገባል እንጂ አያስተነፍስም፤ ደቃቁ ሽመናውን ይደፍነዋል፣ የማሽኑም ጉልበት ወዲያው ይሞታል። የሠራልኝ ኮትና ኮሌታ የምናጠነክርበት ያልተሸመነው ሽፋን ነው፤ በድርብ ሰፍቼ፣ የፋብሪካውን ካርቶን አንገት ገጥሜበት እጠቀማለሁ። ከረጢቱ ሁለት ሦስተኛ ሲደርስ እቀይረዋለሁ፤ የውሻ ፀጉር ክብደት ስለሌለው ሞልቶም ያልሞላ ይመስላል፤ ሞተሩ ግን ያውቀዋል። ከሰፊ ጋር የምትግባቡ ሁሉ ይህን ልታሠሩ ትችላላችሁ፤ እኔም እሠራለሁ፤ ግን በነጻ አይደለም።

አሁን ጉድለቱ። ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል፤ ዳልቻ እስኪለምደው ድረስ ማሽኑን አጥፍቼ ከምግቡ ጎን አስቀምጥለት ነበር፤ አሁን አይሸሽም፣ ቱቦውን ግን አሁንም ይጮህበታል። ገመዱ 5 ሜትር ስለሆነ ከሳሎን ወደ ጓዳ ሲኬድ ነቅሎ መሰካት ነው። መብራት ሲጠፋ ከነጭራሹ የለም። መብራት እያለም ቢሆን ሰፈሩ ምጣድ በሚሰካበት ሰዓት ኃይሉ ይወርዳል፤ የማሽኑ ድምፅ ሲሳሳ ወዲያው አጠፋዋለሁ፤ በደከመ መብራት የሚለፋ ሞተር ዕድሜ የለውም፤ ይህንን ከስፌት ማሽኔ ሞተር ተምሬአለሁ።

ቄጠማ ደግሞ ጠላቱ ነው። ቡና የተፈላ ቀን፣ በረካው ተጠጥቶ እንግዳው ሲነሳ፣ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ፀጉሩን ሁሉ ለቅሞ ይገኛል። መልካም ነው ብሎ በማሽን ማንሳት ግን ቱቦውን መዝጋት ነው፤ ረጅሙ ሣር ክርኑ ላይ ይሸመናል። በእጅና በሣር መጥረጊያ ይነሳ፤ ማሽኑ ቀጥሎ ይምጣ።

ጎረቤቴ ልጇ ከጅዳ ያመጣላትን በእጅ የሚያዝ ባለባትሪ ቫኪዩም አውሳኝ ነበር። ሲያዩት ያምራል፤ ለደረጃና ለሶፋም ቀላል ነው። ነገር ግን አፉ ውስጥ የሚሽከረከር ጠንካራ ብሩሽ አለው፤ ይህ ብሩሽ ለምንጣፍ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ጣውላ ላይ ፀጉሩን ወደ ውስጥ ከመላክ ይልቅ ወደ ፊት ይረጨዋል። ክርና ፀጉር ደግሞ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፤ መተርተሪያ ያለው ሰው ሰንጥቆ ያወጣዋል፣ ሌላው በቢላዋ ሲታገል ብሩሹን ያበላሻል። እንዲህ ያለውን የምትገዙ ከሆነ ብሩሹ ብቻውን የሚጠፋበት ቁልፍ እንዳለው፣ ወይም ለጠንካራ ወለል የሚሆን ለስላሳ ተቀያሪ እንዳለው ጠይቁ። በራሱ የሚዞረውን ክብ ሮቦት ያየሁት ዘመድ ቤት ነው። የበር ደፍ አላሻግር ይለዋል፣ በርጩማ ያግደዋል፣ የወደቀ ክር ጎማውን ይጠፍረዋል። በእኔ ሳሎን አይኖርም።

ማሽን ሁሉ የሚሠራው ከወደቀ በኋላ ነው። ከመውደቁ በፊት የሚያዘው ማበጠሪያ ነው፤ ረድፍ ሆኖ የተተከለ ረጅም የብረት ጥርስ ያለው፣ የሥሩን ፀጉር ጎትቶ የሚያወጣው ዓይነት። ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ነፋሱን ጀርባ ሰጥቼ አበጥረዋለሁ፤ የሚወጣው ሌላ ቡችላ ይሠራል። ማበጠሩን ስተው ከረጢቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሞላ አይቻለሁና ከዚህ በላይ መከራከር አልፈልግም። ላጭተሽ ተገላገይ የሚሉኝ አሉ፤ ድርብ ፀጉር ያለው ውሻ አይላጭም። ፀጉሩ ከብርድም ከፀሐይም ይከላከልለታል፤ ተላጭቶ ሲመለስም አንዳንዴ ተዛብቶ ይበቅላል፤ መርገፉ ደግሞ አይቀርም፣ አጭርና ተወጊ ሆኖ ይረግፋል። አጭር ፀጉር ጨርቅ ውስጥ እንደሚተከል የሚያውቅ ያውቃል።

ወለላችሁ ሴራሚክ ወይም ስንጥቅ የሌለው ሲሚንቶ ከሆነ ይህን ማሽን አትግዙ፤ የጎማው መጥረጊያና የተጨመቀ ጨርቅ ከበቂ በላይ ናቸው። ፓርኬ ከሆነና መጋጠሚያው ካልተከፈተም እንደዚሁ። ጣውላው የተከፋፈተ፣ ውሻው ባለ ድርብ ፀጉር፣ ቤት ውስጥም ልብስ የሚሰፋ ወይም ሳል ያለበት ሰው ካለ ግን ግዙ።

ሱቁ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው ብሎኝ ነበር። ቱቦው እጀታው አጠገብ ተሰንጥቆ ስመለስ «ዋስትናው ለሞተሩ ነው፤ ቱቦን አይጨምርም» አሉኝ፤ ወረቀቱን አውጥቼ ባሳያቸውም አልተበገሩም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ዋስትናው የትኛውን ዕቃ እንደሚሸፍን በጽሑፍ አስደርጉ። ስንጥቁን ሰኞ ገበያ ያለ ብስክሌት ጠጋኝ በከመነዳሪ ጠቅልሎ አጣበቀልኝ፤ እስካሁን አየር አያስወጣም። የእጀታው መቆለፊያ ግን መላላት ስለጀመረ፣ ትርፍ ቱቦ የሚሸጥ ሰው ደሴም ኮምቦልቻም እያጠያየቅሁ ነው።